ጨረር የዚርኮኒየም ቱቦዎችን ቅርጽ የሚለውጠው እንዴት ነው?

በኑክሌር ማብላያ ውስጥ ነዳጅ የሚሸከሙ ቱቦዎች ከፍተኛ ሙቀትን፣ ግፊትንና ጨረርን ተቋቁመው ለዓመታት ያገለግላሉ። ሆኖም ሳይቀልጡና ሳይሰበሩ ቅርጻቸው ቀስ በቀስ ይለወጣል። ይህም በሙያው አጠራር ‹‹ክሪፕ›› ይባላል። ይህ ማብራሪያ የክሪፕን መንስኤ፣ የሚያስከትለውን ጉዳትና የሚደረግበትን ቁጥጥር ካንዱ የተባለውን የካናዳ ማብላያ በምሳሌነት በመውሰድ ያቀርባል።

ዚርኮኒየም ለምን ተመረጠ?

ዚርኮኒየም ኒውትሮኖችን እምብዛም አይውጥም፤ በሙቅ ውሃም በቀላሉ አይበላም። በካንዱ ማብላያ እያንዳንዱ ግፊት ተሸካሚ ቱቦ 6 ሜትር ያህል ርዝመትና 4 ሚሊ ሜትር ያህል የግድግዳ ውፍረት ያለው ሲሆን፣ 2.5 በመቶ ኒዮቢየም ካለው የዚርኮኒየም ቅይጥ ይሠራል። በውስጡም 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሚደርስ ከባድ ውሃ በከፍተኛ ግፊት ያልፋል።

የለውጡ መንስኤ

ዚርኮኒየም የሚቀልጠው በ1855 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በመሆኑ፣ በ300 ዲግሪ ሙቀት ብቻውን የሚያስከትለው ክሪፕ አነስተኛ ነው። ለውጡን የሚያፋጥነው ጨረር ነው። ፈጣን ኒውትሮን አተምን ሲመታ ከቦታው ያፈናቅለዋል፤ በዚህም ባዶ ቦታና ተፈናቃይ አተም ይፈጠራሉ። አብዛኞቹ ወዲያው መልሰው ይገናኛሉ፤ የተረፉት ግን በክሪስታሉ ውስጥ ወደሚገኙ የተዛነፉ የአተም ረድፎች ይጓዛሉ። ግፊት የሚፈጥረው ውጥረት ባለበት ጊዜ ይህ እንቅስቃሴ አቅጣጫ ስለሚይዝ ቱቦው ይሰፋል፣ ይረዝማል። የዚርኮኒየም ክሪስታል በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ባለመሆኑም ውጥረት ባይኖር እንኳ በጨረር ምክንያት ብቻ በአንድ አቅጣጫ ይረዝማል፣ በሌላው ያጥራል።

የሚያስከትለው ጉዳት

ቱቦው ሲሰፋ ከውሃው ከፊሉ በነዳጁ መካከል በማለፍ ፈንታ ከላይ በኩል ያልፋል፤ በመሆኑም ነዳጁ የሚቀዘቅዝበት መጠን ይቀንሳል። ቱቦው ሲጎብጥ ደግሞ ቀዝቃዛውን የውጭ ቱቦ ሊነካ ይችላል። በዚያ ቦታ ሃይድሮጅን ይከማቻል፤ ብረቱም ተሰባሪ ይሆናል።

በነሐሴ ወር 1983 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ፒክሪንግ ማመንጫ 2ኛ ማብላያ የደረሰው አደጋ ለዚህ ማሳያ ነው። ሁለቱን ቱቦዎች የሚያራርቁት ቀለበቶች ከቦታቸው በመንሸራተታቸው ቱቦው ጎብጦ የውጩን ነካ፤ በመጨረሻም ተሰነጠቀ። ሠራተኞቹ ማብላያውን በሰላም አቁመዋል። ቱቦው ዚርካሎይ-2 ከተባለ ቀደምት ቅይጥ የተሠራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በኒዮቢየም ቅይጥ ቱቦዎች ተተክቷል።

የሚደረገው ቁጥጥር

የቱቦዎቹ ስፋት፣ ርዝመትና ጉብጠት ማብላያው በሚቆምበት ጊዜ ይለካል። ልኬቱ ከተፈቀደው ወሰን ሲቃረብ የማብላያው ኃይል ይቀነሳል ወይም ቱቦዎቹ በአዲስ ይተካሉ። በካናዳ ዳርሊንግተን ማመንጫ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው እድሳት በእያንዳንዱ ማብላያ 480 ቱቦዎች እንዲቀየሩ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

በአጠቃላይ ክሪፕን ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፤ አስቀድሞ ማስላት፣ በየጊዜው መለካትና በወቅቱ መተካት ግን ይቻላል። ስለሆነም ስለ ማንኛውም የኑክሌር ማመንጫ ደኅንነት መረጃ የሚፈልግ ዜጋ፣ ቱቦዎቹ መቼ እንደተለኩና የሚተኩበት ጊዜ መቼ እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው።