አሥራ ስድስቱ ቀጠሮዎች

ሁለተኛውን ዓይነት የስኳር በሽታ ማስቀረት፣ ካልሆነም ለዓመታት ማዘግየት ይቻላል። ይህ የታወቀ ነው። «እንቅስቃሴ አድርጉ፣ ጣፋጭ ቀንሱ» የሚል ፖስተርም በየጤና ጣቢያው ተለጥፏል። ብዙዎቻችን ታዲያ መከላከል ማለት ይኸው ምክር ይመስለናል። ምክሩ ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው።

ማስረጃዬ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት ነው። ስኳራቸው ከልኩ ከፍ ያለ፣ በሽታ ደረጃ ግን ያልደረሰ 3,234 ሰዎች በዕጣ ተመደቡ። አንዱ ወገን ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ዋጠ፤ ሌላው መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጠው፤ ሦስተኛው ያለ ክኒን አኗኗሩን እንዲለውጥ ታገዘ። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆን ሜትፎርሚን በሽታውን በ31 በመቶ፣ አኗኗር መለወጡ በ58 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ በሆኑት ደግሞ 71 በመቶ ደረሰ። ግቡ ከክብደት 7 በመቶ መቀነስ (80 ኪሎ የሚመዝን ሰው አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ማለት ነው) እና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነበር።

58 በመቶውን በየስብሰባው የሚጠቅስ ሞልቷል። ክኒን የዋጡት ሁለቱ ወገኖች ሌላ ምን እንዳገኙ የሚያነሳ ግን ብዙም አልሰማሁም። እነሱም እኮ ተመክረዋል! የጽሑፍ መመሪያ ተሰጥቷቸዋል፤ በዓመት አንድ ጊዜም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለ አመጋገብና ስለ እንቅስቃሴ ተነግሯቸዋል። እንግዲህ እኛ መከላከል ብለን የምንኮራበት ፖስተርና የዓመት አንድ ቀን ንግግር፣ እዚያ የተበለጡት ሰዎች የደረሳቸው ነው።

ያሸነፉት የደረሳቸው ቀጠሮ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ መካሪ ተመድቦለት በ24 ሳምንት ውስጥ 16 ትምህርት ወሰደ። በመጣ ቁጥር ይመዘናል። የበላውንና የተራመደውን ጽፎ ያመጣል። ግብዣ ሲጠራ እንዴት እንደሚሆን፣ ሰልችቶት ካቆመ እንዴት እንደሚመለስ ይነጋገራሉ። 16ቱ ሲያልቁም ግንኙነቱ በየወሩ ይቀጥላል። ሰው የሚለወጠው የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ሲያውቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ይህማ የሀብታም አገር ሥራ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አሜሪካኖቹንም ወጪው አስጨንቋቸው ነበር። ኢንዲያና ውስጥ ወወክማ የራሱን ሠራተኞች አሠልጥኖ ትምህርቱን በቡድን ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ውጤት ተሳታፊዎቹ የቀነሱት ክብደት ከትልቁ ጥናት ብዙ አይርቅም። ቻይና ደግሞ ከሁለቱም ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ዳችንግ ከተማ ውስጥ በ33 ክሊኒኮች ጀምራ ስድስት ዓመት ሠርታበታለች። ከ30 ዓመት በኋላ ሲታይ የታገዙትን በሽታው የያዛቸው ካልታገዙት አራት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው።

የእኛ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሰው ከየት ያመጣል? ሰውማ አለው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች አሠማርቷል። ማን ቤት ሽንት ቤት እንደሌለ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች በቤተሰብ ማህደር የምትይዝ ባለሙያ፣ ስኳሩ ከፍ ያለውን ጎረቤት መልሳ መጥራት አያቅታትም። መጀመሪያ የተቀረጹት ፓኬጆች (እነሱም 16 ነበሩ) ስኳርን አልያዙም፤ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች የተጨመሩት በኋላ ነው። ቡድን ከተፈለገም እድር በየወሩ ይሰበሰባል። የጎደለው፣ ስንት ሰው ተመረመረ ከማለት አልፎ ስንቱ ተመልሶ መጣ ብሎ ሪፖርት የሚጠይቅ አለቃ ነው።

    

ያገኙትን ሁሉ «ክብደት ቀንስ» ማለት ግን ሌላ ጥፋት ነው። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ከጎንደር ገጠር ተነስተው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ ከሲታና ድሃ ሰዎች እንደሆኑ አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና ይታይ ብለው ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት 5» ሲል እውቅና ሰጥቶታል።

ወደ ቀጠሮው ልመለስ። ኅዳር ላይ፣ የስኳር በሽታ ቀን ሲከበር፣ አንድ አደባባይ ላይ በነጻ ለመመርመር ተሰልፌ አውቃለሁ። ቁርስ በልቼ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው፣ «ትንሽ ከፍ ይላል» ብለው፣ ቲሸርት ሰጥተው ሸኙኝ። ስሜን የመዘገበም አልነበረም።

የወረዳ ጤና ኃላፊዎች ሆይ፣ ዘመቻውን አትተዉት፤ ስኳሩ ከፍ ያለውን ሰው ግን ስልኩን ሳትይዙና ቀን ሳትቆርጡለት አትሸኙት። አንባቢም ብትሆኑ፣ ስኳራችሁ በባዶ ሆድ ተለክቶ ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ፣ «ገና በሽታ አይደለም» መባሉ አያዘናጋችሁ። «መቼ ልመለስ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ከክፍሉ አትውጡ።