ማዳበሪያ በተነሰነሰበት መስክ ስለ መጠቀም

የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ሕዝብ ኑሮው በእርሻና በከብት ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ማዳበሪያ ለርሱ እንግዳ ነገር አይደለም። የፋብሪካ ማዳበሪያ በአገራችን ገበሬዎች ዘንድ መስፋፋት የጀመረው በ1960 ዓ.ም. ግድም ሲሆን፥ በአርሲ ተቋቁሞ የነበረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ካስፋፉት አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ ማዳበሪያ የሚነሰነሰው በሩቅ ማሳ ላይ ብቻ አይደለም። በነፋስ መውጫም ሆነ በዓርብ ገበያ፥ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፥ በትምህርት ቤት ሣርና በቤት ጓሮ ላይ ሊነሰነስ ይችላል። የግቢ መስክ ደግሞ ሕፃናት የሚሯሯጡበት፥ ጥጃ የሚታሰርበት፥ ለዓመት በዓል የሚጐዘጐዘው ሣር የሚታጨድበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ ከተደረገ በኋላ በመስኩ መቼና እንዴት መጠቀም እንደሚገባ ማወቅ የጤና ጉዳይ ነው።

ማዳበሪያ ለአፈር ምግብ ነው፤ ለሰውና ለእንስሳ ግን ምግብ አይደለም። ከዩሪያ ክብደት ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን ነው። ኤን ፒ ኤስ የሚባለው ደግሞ ከመቶው 19 እጅ ናይትሮጅን፥ 38 እጅ ፎስፌትና 7 እጅ ድኝ አለበት። ይህ ፍሬ ሳይሟሟ በሣሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ዓይንንና የቆሰለ ቆዳን ይቈጠቍጣል፤ ሕፃን ቢውጠው ሆዱን ያመዋል፥ ያስታውከዋል። ውኃ አሟሙቶ ወደ አፈር ሲያወርደው ግን አደጋው እጅግ ይቀንሳል።

ስለዚህ ማዳበሪያ የነሰነሰ ሰው መስኩን ወዲያው በሚገባ ውኃ ያጠጣው፤ ወይም ለስለስ ያለ ዝናብ የሚጠበቅበትን ቀን ይምረጥ። ነጎድጓዳማ የክረምት ዶፍ ሊወርድ ሲል መነስነስ ግን ማዳበሪያውን ለጎርፍ መስጠት ነው። ፍሬው ሟሙቶ ለዓይን እስኪጠፋና ሣሩ ፈጽሞ እስኪደርቅ፥ ቢያንስ እስከ ማግሥቱ ድረስ፥ ሕፃናት አይግቡበት። ከገቡም በኋላ እጅና እግራቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ከማዳበሪያው ጋር ፀረ አረም ተቀላቅሎ እንደ ሆነ በዕቃው ላይ የተጻፈው የጊዜ ገደብ ይጠበቅ።

ለከብት የሚደረገው ጥንቃቄ ከዚህ ይበልጣል። ዩሪያ ነጭ ፍሬ ስለ ሆነ ጨው ይመስላል፤ ጨው የለመደችም ላም አግኝታ ትልሰዋለች። በጨጓራዋ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ዩሪያውን ፈጥነው ወደ አሞንያ ይለውጡታል፤ አሞንያውም በደሟ ውስጥ ይሠራጫል። ላሟ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ትንቀጠቀጣለች፥ ትንገዳገዳለች፥ ሆዷ ይነፋል፤ ፈጥኖ ካልተደረሰላትም ትሞታለች። ገለባ በዩሪያ ታክሞ ለከብት ይሰጥ የለምን? የሚል ቢኖር፥ ያ በባለሙያ ምክር በልክ ተመጥኖ የሚሠራ መሆኑን ያስታውስ። ማዳበሪያ በተነሰነሰበት ሣር ላይ ከብት የሚሰማራው በቂ ዝናብ ከዘነበና ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ መሆን ይገባዋል። ምልክቱ የታየባት ከብት ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰድ።

ስለ ውኃም ማስገንዘብ የምንፈልገው አለ። የማዳበሪያው ናይትሮጅን ከአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ተለውጦ ከዝናብ ጋር ወደ ጉድጓድና ወደ ምንጭ ሊሰርግ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ50 ሚሊግራም የበለጠ ናይትሬት እንዳይኖር ይመክራል፤ ከዚህ የበዛ እንደ ሆነ በተለይ በጡጦ የሚያድገውን ሕፃን ደም አየር እንዳይሸከም ያደርገዋል። የሕፃኑ ከንፈርና ጥፍር ይጠቍራል። ውኃን ማፍላት ብዙ በሽታ እንደሚከላከል ዘወትር ይነገራል፤ ናይትሬትን ግን አያስወግድም፥ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን ያጠነክረዋል። ስለዚህ ማዳበሪያ ከጉድጓድና ከምንጭ አጠገብ ፈጽሞ አይነስነስ፤ ሕፃኑም የእናቱን ጡት ይጥባ።

በፋብሪካ ማዳበሪያ ፈንታ ፍግ የሚያደርግም ሰው ከጥንቃቄ ነጻ አይደለም። የመንጋጋ ቆልፍ ተውሳክ በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራልና ባዶ እግሩን የሚሄድ ቁስለኛ ልጅ እርጥብ ፍግ በተነሰነሰበት መስክ አይጫወት፤ ክትባቱንም ይከተብ። ጥሬ ፍግ በተደረገበት መደብ የበቀለ ሰላጣ አራት ወር ሳይሞላ አይበላ።

በመጨረሻም ስለ ከረጢቱ እንናገራለን። ሕዝባችን ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ብሎ ይጠራዋል፤ ባዶ ሲሆንም እህልና ዱቄት ይይዝበታል። የስሙ አንድነት አደጋውን አስረስቶታል። ማዳበሪያ የነበረበት ከረጢት ለምግብ ፈጽሞ አይዋል፤ ያልተነካውም ማዳበሪያ ከጨው፥ ከስኳርና ከእህል ተለይቶ፥ ሕፃንና ከብት በማይደርስበት ስፍራ ተዘግቶበት ይቀመጥ።

መምህራን ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ለተማሪዎቻችሁ ብታስተምሩ፥ ነጭ ፍሬ ሁሉ ጨው አለመሆኑን አስተምሯቸው። ይህን ቃል ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባ ልጅ ታናሽ ወንድሙንም የአባቱንም ላም ከሞት ሊያድን ይችላልና።