የቤተ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ወይስ የመንግሥት? የሞርሞን ተማሪዎች ምርጫ

እ.ኤ.አ. በ1875 በዩታ ግዛት፣ በፕሮቮ ከተማ የተመሠረተው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በተለምዶ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የምትባለው ተቋም ንብረት ሲሆን፣ ምእመናን በሚያወጡት አሥራት ስለሚደጎም አባል ያልሆነ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የአባሉን እጥፍ ይከፍላል። ይሁንና የክፍያው ማነስ ሌላ ግዴታ ያስከትላል፤ ተማሪው አልኮልን፣ ትምባሆን፣ ቡናን ሳይቀር የሚከለክለውን “የክብር ደንብ”፣ ማለትም የሥነ ምግባር ውል፣ የሚቀበል ሲሆን፣ በየዓመቱም የሃይማኖት መሪ ማረጋገጫ ስለሚጠየቅ በትምህርቱ መካከል አባልነቱን የተወ ሞርሞን ከዩኒቨርሲቲው ሊሰናበት ይችላል። በሶልት ሌክ ሲቲ የሚገኘው ዓለማዊ፣ ማለትም ለሃይማኖት ተቋም የማይገዛ፣ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ግን (መሥራቾቹ ሞርሞኖች ቢሆኑም) እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አይጠይቅም፤ ሃይማኖታዊ ትምህርት የሚሻ ተማሪም ቤተ ክርስቲያኒቱ በአቅራቢያው ባቋቋመችው ኢንስቲትዩት ሊማር ይችላል። ስለዚህ እምነቱን ገና በመመርመር ላይ ላለ ወጣት የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ይሻላል።