በናፍጣ የሚሠራ የጭነት መኪና ሞተር የኤሌክትሪክ ሽቦው በተበላሸ ጊዜ ጥፋቱ እንዴት እንደሚፈለግ

በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ነዳጁን ለማቀጣጠል የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ አይሻም። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ከተማ በሥራ ያስመሰከረው ሞተር አየሩን ብቻውን አጥብቆ ይጨምቃል፤ የተጨመቀ አየር እጅግ ይግላልና ነዳጁ በውስጡ በተረጨ ጊዜ በራሱ ይነድዳል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች «የናፍጣ መኪና ለመብራቱና ለጥሩምባው ካልሆነ በቀር ኤሌክትሪክ ምን ያደርግለታል?» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ አነጋገር ለቀድሞዎቹ መኪናዎች ከሞላ ጎደል እውነት ነበር። በአገራችን ጎዳና ብዙ ዘመን የኖረው «ኤን ትሬ» የሚባለው ፊያት የናፍጣ ፖምፓው በጥርስ የሚሽከረከር ብረት እንጂ ኤሌክትሪክ የሚያዝዘው አልነበረም። የዛሬው ትልቅ የጭነት መኪና ግን እንዲህ አይደለም። ናፍጣው በስንት መጠን፥ በየትኛው ቅጽበት እንዲረጭ የሚያዝዘው ኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተሩም የሚሰማውም የሚያዝዘውም በሽቦ ነው። እንግዲህ ከስንዴ አገዳ የማትወፍር አንዲት ሽቦ ብትበጠስ አርባ ቶን የሚጎትት ሞተር ዳገት ላይ ጸጥ ብሎ ሊቀር ይችላል።

ይህን ነገር ለመንደር ትምህርት ቤት መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ በገላፊና በሚሌ በኩል ወደ መካከል አገር በሚመጣው ጎዳና፥ በሌላውም ጎዳና ሁሉ ዳር የሚያድጉ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ አንዳንዶቹ የመኪና ረዳት ወይም የጋራዥ ተማሪ ይሆናሉ። ባለመኪናና መካኒክ በተጣሉም ጊዜ ነገሩ ወደ ሽማግሎች ይቀርባል። የጠቡም መልክ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። መኪናው አልነሣ አለ፤ መካኒኩ «ሞተሪኖው ተቃጥሏል» ብሎ አስለወጠ፤ አሁንም አልነሣ አለ፤ ባትሪዎቹን አስለወጠ፤ ዳግመኛ እንቢ አለ፤ በመጨረሻ አንድ የዛገ ቡሎን ተፍቆ በጠበቀ ጊዜ ተነሣ። ገንዘቡን ማን ይክፈል? ይህን የሚፈርድ ሽማግሌ መካኒክ መሆን አያስፈልገውም፤ ፍለጋ የሚባለው የትኛው፥ ግምት የሚባለውም የትኛው እንደ ሆነ ቢያውቅ ይበቃዋል።

አስቀድሞ የኤሌክትሪክን መንገድ ማወቅ ይገባል። በትልቅ የጭነት መኪና ላይ እያንዳንዳቸው 12 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው 24 ቮልት ይሰጣሉ። ቮልት የግፊት መለኪያ ነው፤ አምፔር የሚፈስሰው መጠን መለኪያ ነው፤ ኦም ደግሞ በመንገዱ ላይ ያለው እንቅፋት መለኪያ ነው። ኤሌክትሪክ እንደ ወንዝ ወርዶ የሚቀር አይደለም፤ ደብዳቤውን አድርሶ ወደ ላከው ሰው የሚመለስ መልእክተኛን ይመስላል። ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ወጥቶ በወፍራሙ ሽቦ ወደ ሞተሪኖው ይገባል፤ ሥራውን ሠርቶ በሞተሩ ብረት፥ ከሞተሩም ከመዳብ በተጎነጎነ መቀነት ወደ ሻንሲው፥ ከሻንሲውም ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ይመለሳል። ይህን የመመለሻ መንገድ የጋራዥ ሰዎች ከጣልያንኛ በወረሱት ቃል «ማሳ» ይሉታል። መሄጃውን ሁሉም ይመረምረዋል፤ መመለሻውን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሽቦ ሳይሆን ብረት ስለ ሆነ ለዓይን እንደ መንገድ አይታይምና።

ሽቦ የሚበላሸው በሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው መበጠስ ነው፤ መንገዱ ተቆርጧልና ምንም አያልፍም። ሁለተኛው ልባሱ ተልጦ ሻንሲውን ወይም ሌላ ሽቦ መንካት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሥራውን ሳይሠራ በአቋራጭ ይመለስና ባልቦላውን ያቃጥላል። እነዚህ ሁለቱ ግልጥ ናቸው። ሦስተኛው ግን መንገዱ ሳይቆረጥ የጠበበ እንደ ሆነ ነው፤ ይኸውም ማሰሪያው ሲላላ፥ ራሱ ሲዝግ፥ ወይም ከብዙዎቹ የመዳብ ክሮች ጥቂቶቹ ብቻ ሲቀሩ ነው። ባለሙያውን የሚያሳስተው ይህ ስለ ሆነ ረዘም አድርገን እንናገርበታለን።

ጌኦርግ ኦም የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1827 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ግፊት የሚፈስሰው መጠን በእንቅፋቱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። አስተማሪው ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ሞተሪኖው ከባዱን ሞተር ሲያዞር 400 አምፔር ይስባል እንበል። በማሳው መቀነት ሥር ያለው ዝገት የአንድ ኦም መቶኛ እጅ ብቻ ቢሆን፥ 400 በ0.01 ሲባዛ 4 ቮልት ይሆናል። ከባትሪው ከወጣው ግፊት ይህን ያህሉ ለሞተሪኖው ሳይደርስ በአንድ ቡሎን ላይ ጠፋ ማለት ነው፤ አራቱ ቮልት በ400 አምፔር ሲባዛም 1600 ዋት ነውና ቡሎኑ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ይግላል። አሁን በዚያው ዝገት ላይ 21 ዋት የሆነ አምፑል ብቻ ይብራ። አምፑሉ አንድ አምፔር እንኳ አይስብም፤ የሚጠፋውም ግፊት ከቮልት መቶኛ እጅ ያነሰ ነው። ስለዚህ መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል፤ መካኒኩም «ኤሌክትሪክ አለ፤ እንግዲህ የተበላሸው ሞተሪኖው ነው» ይላል። ኤሌክትሪክ መኖሩን በትክክል አይቷል፤ ፍርዱ ግን ሐሰት ነው። ቴስተሩን በኦም ላይ አድርጎ ቢለካም አይረዳውም፤ የቴስተሩ የራሱ ገመዶች እንቅፋት ከዚያ ዝገት ይበልጣልና ልዩነቱን ለይቶ አያሳየውም።

እንግዲህ መንገድ የሚመረመረው ሸክሙን ተሸክሞ ሳለ ነው። መጀመሪያ ባትሪዎቹ ዐርፈው ሳሉ ይለካሉ። ሁለቱ አንድ ላይ 25.4 ቮልት ገደማ ቢያሳዩ ሙሉ ናቸው። 24.0 ቢያሳዩ ግን ብዙ ሰው እንደሚመስለው ደኅና አይደሉም፤ ባዶ ወደ መሆን ተቃርበዋል። እያንዳንዳቸውንም ለየብቻ መለካት ይገባል፤ አንዱ ደኅና ሁኖ ሌላው የደከመ እንደ ሆነ ድምሩ ይሸፍነዋልና። ከዚህ በኋላ ማርሹ ዜሮ ላይ ሁኖ፥ ጎማው ታግዶ፥ ሞተሩ እንዳይነሣም ናፍጣው ተዘግቶ ረዳቱ ቁልፉን ያዞራል። በዚህ ጊዜ የባትሪዎቹ ግፊት ከ19 ቮልት ገደማ በታች ቢወርድ ወይ ባትሪዎቹ ደክመዋል፥ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ ይስባል። ባትሪዎቹ ጸንተው ሳሉ ሞተሪኖው በስንፍና የሚዞር እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ ከመንገዱ ሊሆን ይችላልና፥ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፥ ሁለተኛውን በሞተሪኖው ወፍራም ሽቦ መግቢያ ላይ አድርጎ ቁልፉን ማስዞር ነው። ጫፉ የሚያርፈው በእርሳሱ ራስ በራሱ ላይ እንጂ በማሰሪያው ላይ አይሁን፤ ብዙ ጊዜ ዝገቱ በሁለቱ መካከል ነውና። ቴስተሩ የሚያሳየው ቁጥር በመንገድ የጠፋው ነው። ደኅና መንገድ ከግማሽ ቮልት የሚበልጥ አያጠፋም። ከዚያም ከባትሪው ኔጋቲቭ ራስ እስከ ሞተሪኖው አካል እንዲሁ ይለካል። ብዙ የጠፋበት ወገን ከታወቀ በኋላ መንገዱን በየመገጣጠሚያው ከፍሎ መለካት ነው፤ ከራሱ እስከ ማሰሪያው፥ ከማሰሪያው እስከ ሻንሲው፥ ከሻንሲው እስከ ሞተሩ። ቁጥሩ በድንገት በዘለለበት መገጣጠሚያ ላይ ጥፋቱ አለ። ሞተሪኖው በአንድ ጊዜ ከ15 ሴኮንድ በላይ አይዙር፤ በመካከሉም ይረፍ።

ሁለቱም መንገዶች ደኅና ሁነው ከተገኙ፥ የሞተሩም አካል በእጅ ሲዞር ካልተያዘ፥ ያን ጊዜ «ሞተሪኖው ተበላሽቷል» ማለት ፍርድ ይባላል። ከዚያ በፊት የተባለ እንደ ሆነ ግምት ነው።

ባልቦላ ደጋግሞ የሚቃጠል ሲሆን የሚደረገው ሌላ ነው። አንዳንድ ሾፌሮች በባልቦላው ቦታ ወፍራም ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት ይከትታሉ። ይህ መኪናን ከነጭነቱ የሚያነድድ ሥራ ነው፤ ባልቦላው ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ሽቦው ነውና። ጥሩው ብልሃት በባልቦላው ቦታ የ24 ቮልት አምፑል ማሰር ነው። ሽቦው ማሳ ነክቶ እንደ ሆነ አምፑሉ አጥብቆ ይበራል፤ ፍሰቱንም ራሱ ስለሚወስነው ሌላ ነገር አይቃጠልም። ከዚያ ወዲያ በዚያ ባልቦላ ሥር ያሉትን ሶኬቶች አንድ በአንድ እየነቀሉ፥ የሽቦውንም ጥቅል እየነቀነቁ አምፑሉን መመልከት ነው፤ የደበዘዘበት ወይም የጠፋበት ስፍራ የጥፋቱ ስፍራ ነው። የሚነቀነቁትም ስፍራዎች የታወቁ ናቸው፤ ጥቅሉ የሻንሲውን ጠርዝ የሚሻገርበት፥ በቱርቦው ትኩሳት አጠገብ የሚያልፍበት፥ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ከሻንሲው ጋር የሚያፋትገው፥ ይልቁንም ጋቢናው ወደ ፊት ሲደፋ ሽቦው የሚታጠፍበት ማጠፊያ። በዚህ በመጨረሻው ስፍራ ልባሱ ደኅና መስሎ መዳቡ በውስጥ ይበጠሳል፤ ጋቢናው ሲደፋ ጥፋቱ ይጠፋል፥ ሲመለስ ይመጣል።

ወደ ኮምፒዩተሩ እንመለስ። ኮምፒዩተሩ ያገኘውን ጥፋት በቁጥር ይመዘግባል፤ መካኒኩም በመሣሪያ ያነብበዋል። በብዙ ትላልቅ መኪናዎች ላይ በሚሠራበት ጄ 1939 በሚባለው ደንብ መዝገቡ ሁለት ቁጥሮች አሉት። ኤስ.ፒ.ኤን. የሚባለው ነገሩ የማን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ለምሳሌ 100 የሞተሩ ዘይት ግፊት፥ 110 የሞተሩ ውሃ ሙቀት ነው። ኤፍ.ኤም.አይ. የሚባለው ደግሞ እንዴት እንደ ተበላሸ ይናገራል፤ 3 ግፊቱ ከልክ በላይ ነው፥ 4 ከልክ በታች ነው፥ 5 ፍሰቱ ያነሰ ወይም መንገዱ የተቆረጠ ነው፥ 6 ፍሰቱ የበዛ ወይም ማሳ የነካ ነው ማለት ነው። ብዙዎች 110ን አይተው ወዲያው የሙቀት ሰሚውን አካል ይገዛሉ። ቁጥሩ ግን የመሰከረው በዚያ መንገድ ላይ ጥፋት እንዳለ ነው፤ ሰሚው፥ ሽቦው፥ ወይም ሶኬቱ ይሁን አልተናገረም።

ይህን መለየት አያስቸግርም። መዝገቡ 110 እና 4 ነው እንበል። ሁለት ሽቦ ያለው የሙቀት ሰሚ ሶኬቱ ይነቀል። ሁለተኛው ቁጥር ወደ 3 የተለወጠ እንደ ሆነ ሽቦውና ኮምፒዩተሩ ደኅና ናቸው፤ የተበላሸው ሰሚው ነው። ሰሚው ተነቅሎ ሳለ ያው 4 ከቀረ ግን ሽቦው በመካከል ማሳ ነክቷል። መዝገቡ ከመጀመሪያው 3 ከሆነ ደግሞ የተነቀለውን ሶኬት ሁለት ሽቦዎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው፤ ወደ 4 ቢለወጥ ሽቦው ደኅና ነው፥ ባይለወጥ ተበጥሷል። ይህ ማገናኘት ግን ባለ ሁለት ሽቦ ለሆነው ለሙቀት ሰሚ ብቻ ነው። ባለ ሦስት ሽቦ የሆኑት የግፊት ሰሚዎች አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት ከኮምፒዩተሩ በጋራ ይቀበላሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ማሳ የነካ እንደ ሆነ የሌሎቹንም 5 ቮልት ይዞ ይወድቃል፤ አራት አምስት ሰሚዎች በአንድ ቀን የተበላሹ ይመስላሉ። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱን በየተራ እየነቀሉ 5 ቮልቱ የሚመለስበትን መጠበቅ ነው።

ኮምፒዩተሮቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩባቸው ሁለት የተገመዱ ሽቦዎችም አሉ። በሁለቱ ዳር 120 ኦም የሆነ መዝጊያ አለባቸው። ባትሪው ተፈትቶ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ሲለካ 60 ኦም ገደማ መገኘት አለበት። 120 ቢገኝ አንደኛው ዳር ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ቢጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። እጅግ ውድ የሆነውን ኮምፒዩተር «ተቃጥሏል» ብለው ከማስለወጣቸው በፊት ይህን የሁለት ደቂቃ ልኬት ያላደረጉ መካኒኮች ጥቂት አይደሉም።

የቀድሞ ሰዎች በአምፑል የመፈተን ልማድ ለወፍራሞቹ ሽቦዎች መልካም ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ግን አይገባም፤ አምፑሉ የሚስበው ፍሰት ኮምፒዩተሩን ሊጎዳ ይችላልና በእነዚያ ላይ ቴስተር ብቻ ይሁን። ልባሱን በመርፌ ወግቶ መለካትም ክፉ ልማድ ነው፤ በተወጋው ቀዳዳ እርጥበት ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል። ኢንጄክተር የሚባሉት የናፍጣ መርጫዎች ሽቦዎች ሞተሩ ሲሠራ አይነኩ፤ ግፊታቸው ከባትሪው እጅግ የሚበልጥ ሊሆን ይችላል። ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩ አስቀድሞ ይፈታል፥ ሲታሰር በመጨረሻ ይታሰራል፤ ቀለበትና የብረት ሰዓትም ይወልቃሉ። ሲሞላ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ የሚፈነዳ ነውና እሳት አይቅረበው።

የተበጠሰው ሽቦ ሲቀጠል ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ለአንድ ቀን መንገድ ይሆናል እንጂ ጥገና አይደለም። ልኩ በሆነ ማያያዣ ተጨምቆ፥ ውሃ በማያስገባ ልባስ ተሸፍኖ፥ ዳግመኛ እንዳይፋተግ ከብረቱ ርቆ ይታሰራል። የዛገው የማሳ ቡሎን እስከ ነጭ ብረቱ ተፍቆ ይጠብቃል። ከዚህ በኋላ ያው ልኬት በዚያው ስፍራ፥ በዚያው ሸክም ይደገማል፤ መካኒኩም ከጥገናው በፊት ያገኘውንና በኋላ ያገኘውን ሁለቱን ቁጥሮች፥ የለካበትንም ስፍራ ጽፎ ለባለመኪናው ይሰጠዋል።