ሁለቱ ባላ ጊታሮች፦ መልካቸው አንድ፥ ጠባያቸው ሁለት

ሁለት ወንድማማቾች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ሰው ይመስላሉ፤ ቀርቦ ያነጋገራቸው ግን አንዱ ቁጡ፥ ሌላው ታጋሽ መሆኑን ወዲያው ይረዳዋል። በሙዚቃ መሣሪያዎችም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ከኤሌክትሪክ ጊታሮች መካከል አካላቸው እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ፥ የላቲኑን «ቪ» ፊደል የሚመስሉ ዓይነቶች ይገኛሉ። ከእነዚህም እጅግ የታወቁት ሁለቱ፥ የጊብሰን ኩባንያ «ፍላይንግ ቪ»፥ ማለትም «በራሪው ቪ»፥ እና የጃክሰን ኩባንያ «ሮድስ» ናቸው።

ሁለቱን በመድረክ ላይ የሚያይ ተመልካች ቢምታታበት ጉዳት የለውም። ጥቂት ጥቂት እያለ ገንዘቡን አጠራቅሞ ከሁለቱ አንዱን ለመግዛት የተነሣ ወጣት ግን ቢምታታበት ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ለእጁ የማይስማማ መሣሪያ የያዘ ጀማሪ፥ ጥፋቱ የጣቶቹ እየመሰለው ልምምዱን ይተዋልና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መልካቸውን ወደ ጎን ትተን፥ የሁለቱ መሣሪያዎች ልዩነት በተጫዋቹ እጅ ላይ እንዴት እንደሚታወቅ እንመረምራለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አወላለዳቸው

ፍላይንግ ቪ ታላቅ ወንድም ነው። የተወለደው በ1958 በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ ሀገር፥ ካላማዙ በተባለች ከተማ፥ በጊብሰን ፋብሪካ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበረው ቴድ ማካርቲ፥ ጊብሰን የሽማግሌዎች ዕቃ ሠሪ ነው የሚለውን አስተያየት ለማስወገድ ፈለገ። ዘመኑ የሮኬት ዘመን ነበርና ወደ ፊት የሚወረወር የሚመስል ጊታር አሠራ። እንጨቱ በንግድ ስሙ «ኮሪና» የሚባለው፥ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የሚበቅለው የሊምባ ዛፍ ነው።

ገበያው ግን አልተቀበለውም። በ1958 እና በ1959 ከፋብሪካው የወጡት በጠቅላላው መቶ እንኳ አልሞሉምና ሥራው ቆመ። እንደገና በብዛት መሠራት የጀመረው በ1967 ነው፤ ያን ጊዜ በኮሪና ፈንታ ማሆጋኒ ተተካ። በመጀመሪያ ሰው የሳቀባቸው እነዚያ ጥቂት ጊታሮች ዛሬ በመቶ ሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ።

ታናሹን ያስወለደው ራንዲ ሮድስ የተባለ ወጣት ነው። ሮድስ እናቱ በካሊፎርኒያ ባቋቋሙት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጊታር ያስተማረ፥ የክላሲክ ጊታርንም ያጠና፥ በኋላም ከእንግሊዛዊው ዘፋኝ ከኦዚ ኦስቦርን ጋር በመጫወት ስሙ የገነነ ሰው ነበር። በ1980 መጨረሻ ወደ መሣሪያ ሠሪው ወደ ግሮቨር ጃክሰን ሄዶ ሁለቱ ንድፍ ነደፉ። የመጀመሪያው ነጭ ጊታር ተሠርቶ ሲወጣ ሰዎች ፍላይንግ ቪ እየመሰላቸው አስቸገሩት። ስለዚህ ሁለተኛው ከጊብሰኑ ይበልጥ የተለየ እንዲሆን ጠየቀ። የላይኛው ክንፍ ረዘመ፥ የታችኛው አጠረ፤ መልኩም የሻርክ ዓሣ ክንፍ መሰለ። ሮድስ በዚህ መሣሪያ ብዙ ለመጫወት አልታደለም። መጋቢት 19 ቀን 1982 በፍሎሪዳ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። መሣሪያው ግን ስሙን ይዞ ቀረ።

የሁለት ሳንቲሜትር ነገር

አሁን ማስመሪያ እንያዝ። በጊታር ላይ ድምፅ የሚሰጠው የክር ክፍል ከአንገቱ ጫፍ ተነሥቶ በአካሉ ላይ እስካለው ድልድይ ይደርሳል። ይህ ርዝመት በፍላይንግ ቪ 24.75 ኢንች፥ ወደ 629 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በሮድስ ደግሞ 25.5 ኢንች፥ ወደ 648 ሚሊሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ሁለት ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ዓይን አያየውም፤ ጣት ግን ያውቀዋል።

ምክንያቱን የፊዚክስ ትምህርት ያስረዳናል። አንድ ዓይነት ክር ተወስዶ በአንድ ዓይነት ቅኝት ሲቃኝ፥ ውጥረቱ የሚያድገው ርዝመቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ነው። ስለዚህ ርዝመቱ በ3 ከመቶ ሲጨምር ውጥረቱ በ6 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ለምሳሌ ውፍረቱ 0.010 ኢንች የሆነው ቀጭኑ ክር በፍላይንግ ቪ ላይ ወደ 6.9 ኪሎ፥ በሮድስ ላይ ደግሞ ወደ 7.3 ኪሎ በሚደርስ ኃይል ተወጥሮ ይቆማል። ለአንድ ክር ቀላል ነው፤ ስድስቱን ክሮች ለሁለት ሰዓት ለሚጫወት ሰው ግን ድካሙ ይሰማዋል።

ክራር የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውል። ክራር አንገት የለውም፤ በጊታር ላይ ግን ክሩ በአንገቱ ላይ ተጭኖ ያጥራል፥ ድምፁም ይቀጥናል። በአንገቱ ላይ አግድም የተተከሉት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ፍሬት ይባላሉ። የመጀመሪያው ፍሬት ከአንገቱ ጫፍ የሚርቀው በፍላይንግ ቪ 35.3 ሚሊሜትር፥ በሮድስ 36.4 ሚሊሜትር ነው። ጣቶቹ አጫጭር የሆኑ ሰው ሰፋፊ የጣት አያያዞችን በፍላይንግ ቪ ላይ በቀለለ ሁኔታ ይደርስባቸዋል።

ወደ አካሉ ሲጠጉ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፍሬቶቹ እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ በ21ኛውና በ22ኛው መካከል ያለው ቦታ በፍላይንግ ቪ 10.5 ሚሊሜትር፥ በሮድስ 10.8 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ወፍራም ጣት ያለው ፈጣን ተጫዋች በዚያ ጠባብ ስፍራ የሚያገኛት እያንዳንዷ ክፍተት ትጠቅመዋለች።

አንገቱና ሰሌዳው

ባላ ጊታሮች ከሌሎች የሚበልጡበት አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ትከሻ የላቸውም። በተለመዱት ጊታሮች ላይ እጅ ወደ ቀጫጭን ድምፆች ሲወጣ የአካሉ ትከሻ መንገድ ይዘጋበታል። በፍላይንግ ቪም ሆነ በሮድስ ግን እጅ ያለ እንቅፋት እስከ መጨረሻዎቹ ፍሬቶች ይደርሳል።

ልዩነቱ ከአንገቱ በስተጀርባ ነው። የፍላይንግ ቪ አንገት ለብቻው ተጠርቦ ከአካሉ ጋር በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ በመገናኛው ላይ አውራ ጣት የሚሰማው እብጠት አለ። ዋጋው ከፍ ባለው ሮድስ ግን አንዱ የሜፕል እንጨት ከራስ እስከ ጅራት ሳይቋረጥ ያልፋል፤ ክንፎቹ በግራና በቀኝ የተለጠፉ ናቸው። መዳፍ መገናኛውን ሳይነካ ይንሸራተታል። ሆኖም ገዢ ይጠንቀቅ! በርካሹ ዋጋ የሚሸጡት ሮድሶች አንገታቸው በብሎን የታሰረ ነውና በስም ብቻ መታለል አይገባም።

ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳም ይለያያል። የፍላይንግ ቪ ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጉብታ አለው፤ ጉብታው ራዲየሱ 12 ኢንች ከሆነ ክብ ላይ የተቆረጠ ያህል ነው። በአሁኑ ጊዜ የሚሠራው ሮድስ ግን በአንገቱ ጫፍ በ12 ኢንች ጀምሮ ወደ አካሉ ሲጠጋ በ16 ኢንች ያልቃል፤ ማለት እየጠፈጠፈ ይሄዳል። ጥቅሙ ምንድን ነው? ክሮቹ ወደ ሰሌዳው ዝቅ ብለው በተስተካከሉበት መሣሪያ፥ ቀጭኑን ክር ወደ ጎን አጥብቆ የሚስብ ተጫዋች ክሩ በጉብታው ላይ ይነካበትና ድምፁ ይታነቃል። ሰሌዳው ጠፍጣፋ ሲሆን ይህ ችግር ይቀንሳል።

ድልድዩ

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት በድልድዩ ላይ ነው። ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ፍላይንግ ቪ የማይነቃነቅ ድልድይ አለው። በብዙዎቹ ሮድሶች ላይ ግን የተተከለው፥ ፍሎይድ ሮዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1979 የፈጠራ መብት ያገኘበት ተንሳፋፊ ድልድይ ነው። በዚህ መሣሪያ ክሮቹ በሁለቱም ጫፍ በብሎን ይቆለፋሉ፤ ተጫዋቹ ዘንጉን ተጭኖ ድምፁን እስከ ጥልቅ ጉድጓድ ሊያወርደው፥ ሲለቀውም ወደ ቅኝቱ ሊመልሰው ይችላል።

ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለም። ድልድዩ የሚቆመው በክሮቹና በስፕሪንጎቹ ሚዛን ስለሆነ፥ አንዱ ክር ቢበጠስ የቀሩት አምስቱ ከቅኝታቸው ይወጣሉ። አንዱን ክር ወደ ጎን ሲስቡ ሌሎቹ በጥቂቱ ዝቅ ይላሉ። ቅኝት ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው ቁልፎቹን ፈትቶ ሚዛኑን እንደገና ማስተካከል አለበት። በፍላይንግ ቪ ላይ ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ይፈጸማል።

ሲቀመጡና ሲቆሙ

ባላ ጊታርን ጭን ላይ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነው እየተባለ ይወራል። የመጀመሪያዎቹ ፍላይንግ ቪዎች እንዳያንሸራትቱ በታችኛው ጠርዛቸው ላይ የጎማ ጥብጣብ ተለጥፎባቸው ነበር። መፍትሔው ግን የአቀማመጥ ነው፤ የቀኝ ጭን በባላው መካከል ይገባል፥ የታችኛው ክንፍም በሁለቱ ጭኖች መካከል ይወርዳል። አንገቱ ያን ጊዜ እንደ ክላሲክ ጊታር ወደ ላይ ቀና ይላል፤ የግራ እጅም ዕረፍት ያገኛል። በሁለቱም መሣሪያዎች ላይ ይህ ይሠራል።

በቆሙ ጊዜ ግን ሮድስ ረጅም የላይ ክንፉን ወደ ኋላ ስለሚዘረጋ፥ በጠባብ መድረክ ላይ ጎረቤትን እንዳይወጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም በግድግዳ ላይ ተደግፈው አይቆሙም፤ ሹል ጫፎቻቸውም በቀላሉ ይፈነከታሉ። በተለመደው የጊታር ሣጥን ውስጥም አይገቡም፤ ስለዚህ የሣጥኑን ዋጋ አስቀድሞ ማሰብ ብልህነት ነው።

ለማን የትኛው?

መልሱን ከሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች እንማር። የብሉዝ ሊቁ አልበርት ኪንግ ግራኝ ነበር፤ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ፍላይንግ ቪ የክሮቹን ቅደም ተከተል ሳይለውጥ ገልብጦ ይጫወት ነበር። ሁለቱ ክንፎች እኩል ስለሆኑ ጊታሩ ቢገለበጥም መልኩ አይለወጥም። ቀጭኑ ክር ከላይ ስለሚሆን በመላ እጁ ወደ ታች ይስበዋል፤ ቅኝቱም ከተለመደው ዝቅ ያለ ነበር። አጭር ክር፥ የላላ ቅኝት፥ የማይነቃነቅ ድልድይ፤ ሦስቱ ተባብረው ክሩን እንደ ሰው ድምፅ እንዲያለቅስ አደረጉት። ይህን አጨዋወት በተንሳፋፊ ድልድይ ላይ መሞከር ከነፋስ ጋር መታገል ነው። ሌላው ግራኝ ጂሚ ሄንድሪክስም በ1970 በእንግሊዝ በዋይት ደሴት በተደረገው ትልቅ ትርዒት ላይ ለግራ እጅ የተሠራ ፍላይንግ ቪ ይዞ ታይቷል።

ራንዲ ሮድስ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። ከክላሲክ ሙዚቃ የተማራቸውን ረጃጅምና ፈጣን የድምፅ መሰላሎች በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ለማውጣት ፈለገ። ለዚህ ዓይነት ሥራ የተወጠረ ክር፥ መምቻው ሲነካው ወዲያው ይመልሳል፤ ከእጅ በታች እንቅፋት የሌለበት አንገትም ፍጥነትን ያግዛል።

እንግዲህ አንዱ መሣሪያ መልካም፥ ሌላው መጥፎ ነው ለማለት አይቻልም። ዜማን በዝግታ እየጎተተ፥ ክርን እየሳበና እየለቀቀ መጫወት ለሚወድ፥ ቅኝትንም ቶሎ ቶሎ ለሚለውጥ ሰው ፍላይንግ ቪ ይስማማዋል። ለፍጥነት፥ ለከፍተኛ ድምፆችና ለዘንግ ጨዋታ ለሚተጋ፥ መሣሪያውን ለማስተካከልም ትዕግሥት ላለው ሮድስ ይሻለዋል። ለጀማሪ ምርጫ የሚጠይቀን ቢኖር ፍላይንግ ቪን እንመክረዋለን፤ ክሩ ለስላሳ፥ ድልድዩም ያለ ብዙ ችግር የሚስተካከል ስለሆነ የልምምዱ ሰዓት በጥገና አይባክንም።

የአገራችን ሰው «በሁለት ባላ ተንጠልጠል» ይላል። ሁለቱን ባላዎች ለመግዛት የሚችል ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አንዱን ለመምረጥ ወደ ሱቅ የሚገባ ወጣት መጀመሪያ ይቀመጥ፥ ቀጥሎ ይቁም፤ በመጀመሪያው ፍሬት ላይ አንድ አያያዝ፥ በ20ኛው ላይ አንድ ድምፅ ይሞክር፤ ቀጭኑን ክር ወደ ጎን ስቦ ድምፁ መታነቅ አለመታነቁን ያዳምጥ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዓይኑን ቢጨፍን ደግሞ ይበልጥ ይጠቀማል። ሁለቱ ጊታሮች የሚመሳሰሉት ለዓይን ብቻ ነውና።