ከአንድ ወደብ ተሳፍሮ በሌላ ወደብ ለሚወርድ መንገደኛ የአይሮፕላን ቲኬት አቈራረጥ

ከቤቱ የሚወጣ መንገደኛ መመለሱን አስቀድሞ ያስባልና ቲኬት ሲቈርጥ በልማድ ደርሶ መልስ ይጠይቃል። ወደ አንድ ከተማ ሄዶ ከዚያው ከተማ ለሚመለስ ሰው ይህ ልማድ መልካም ነው። የሽርሽር መርከብ ግን ሁልጊዜ ወደ ተነሣበት ወደብ አይመለስም። ብዙ መርከቦች መንገደኞቻቸውን ከአንድ ከተማ አሳፍረው ከሰባት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላ እጅግ ርቆ በሚገኝ ሌላ ከተማ ያወርዷቸዋል። በእንዲህ ያለው ጉዞ የመርከቡን ዋጋ ብቻ ተመልክቶ የአይሮፕላኑን ነገር ለኋላ የተወ ሰው በባሕሩ ላይ ያተረፈውን ገንዘብ በአየር ላይ ይከፍለዋል፤ አንዳንዱም መርከቡ ጥሎት ሲሄድ ከወደቡ ዳር ቆሞ ለመመልከት ይገደዳል።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ የሚሆነው ከካናዳዋ ቫንኩቨር እስከ አላስካ የሚደረገው ጉዞ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት መርከቦች ከቫንኩቨር ተነሥተው ኬቺካንን፣ ጁኖንና ስካግዌይን እየጐበኙ፣ ከተራራ ወደ ባሕር የሚወርዱትን የበረዶ ግግሮች እያሳዩ፣ በሰባት ሌሊት ሴዋርድ ወይም ዊቲየር ከሚባሉት የአላስካ ወደቦች ይደርሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ይህንኑ መንገድ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዱበታል። መርከቡ ለመመለስ የሚያጠፋው ቀን ስለሌለ ወደ ሰሜን ዘልቆ ለመግባት ይችላል፤ መንገደኛውም ከወረደ በኋላ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ወደ ውስጥ አገር ገብቶ የዴናሊን ተራራ ለማየት ይመቸዋል። የዚህ ጉዞ ተፈላጊነት ከዚህ የተነሣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገር ግን ከቫንኩቨር ይልቅ ከሲያትል ተነሥቶ በሴዋርድ ለመውረድ ለምን አይቻልም የሚል ጠያቂ ይኖራል። ሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች ከአገር ቤት የሄደ ሰው በዘመድ ቤት አርፎ ከዚያው ቢሳፈር ይመርጥ ነበር። የሚከለክለው አንድ አሮጌ ሕግ ነው። በ1886 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው የመንገደኞች መርከብ ሕግ፣ የውጭ አገር ሰንደቅ ዓላማ የያዘ መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ያሳፈረውን ሰው በሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳያወርድ ይከለክላል። መቀጫው በመጀመሪያ በአንድ መንገደኛ 2 ዶላር ነበር፤ በ1898 ዓ.ም. ወደ 200 ዶላር ከፍ አለ፤ ዛሬ ከ800 ዶላር ይበልጣል። ሸቀጥን በሚመለከት ደግሞ በ1920 ዓ.ም. የወጣ ተመሳሳይ ሕግ አለ፤ የባሕር ነጋዴዎች ጆንስ አክት በሚለው ስሙ ያውቁታል። የሕጉ አሳብ የአገሩን መርከብ ሠሪዎችና መርከበኞች ከውጭ ተወዳዳሪ ለመጠበቅ ነበር። ይሁን እንጂ ታላላቆቹ የሽርሽር መርከቦች ከሞላ ጐደል ሁሉም የባሃማስን፣ የቤርሙዳን፣ የፓናማን ወይም የሌላ አገርን ሰንደቅ ዓላማ የያዙ ስለሆኑ፣ ሕጉ ዛሬ የሚሠራው ዋና ሥራ ለቫንኩቨር ከተማ ገበያ ማስገባት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የዚህ ሕግ ጥብቅነት የሚታወቀው መንገደኛው በዘገየ ጊዜ ነው። በሌላ አገር መርከብ ያመለጠው ሰው በአይሮፕላን ቀድሞ በሚቀጥለው ወደብ ሊቀላቀለው ይችላል። በቫንኩቨር የቀረ ሰው ግን ወደ ኬቺካን በርሮ መርከቡን ቢያገኘውና በሴዋርድ ቢወርድ፣ ሁለቱም የአሜሪካ ወደቦች ስለሆኑ ሕጉ ተጥሷል ማለት ነው። ስለዚህ የመርከቡ ሹማምንት አንቀበልህም ቢሉት ሊያስገርም አይገባም። ከሲያትል እስከ ቫንኩቨር አንድ ጉዞ፣ ከቫንኩቨር እስከ ዊቲየር ሌላ ጉዞ በዚያው መርከብ ለሚገዛ ሰውም ነገሩ ያው ነው፤ ሁለት ቲኬት ቢይዝም በሕጉ ዓይን መንገዱ አንድ ነውና። በ2021 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ካናዳ ወደቦቿን ለሽርሽር መርከቦች በዘጋች ጊዜ የአሜሪካ ምክር ቤት ለአላስካ ብቻ የሚያገለግል ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጠ፤ ዋናው ሕግ ግን ከነመቀጫው እንደ ጸና ቀርቷል።

እንግዲህ በዚህ ጉዞ ላይ መሄጃው ወደ ቫንኩቨር፣ መመለሻው ከአላስካ ትልቅ ከተማ ከአንኮሬጅ ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ መንገድ የአየር መንገዶች የተለየ ቲኬት አላቸው፤ በሥራው ቋንቋ ኦፕን ጆ ይባላል፤ ትርጓሜው ክፍት መንጋጋ ማለት ነው። መሄጃውና መመለሻው በካርታ ላይ በመስመር ቢሣሉ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ክፍት ቦታ እንደ ተከፈተ አፍ ይታያልና ስሙ ከዚያ መጣ። በመገናኛ መረብ ላይ ራሱ ቲኬት የሚቈርጥ ሰው «ደርሶ መልስ» የሚለውን ትቶ «ብዙ ከተሞች» የሚለውን ቢመርጥ ያገኘዋል።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። በሩቅ ጉዞ ላይ የመሄጃ ብቻ ቲኬት ዋጋ የደርሶ መልሱ እኩሌታ አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ከእኩሌታው እጅግ ይበልጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሙሉው ዋጋ ይስተካከላል ወይም ያልፋል። ሁለት የመሄጃ ቲኬቶችን ለየብቻ የሚገዛ ሰው እንግዲህ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ እንደ ከፈለ ይቈጠራል። ክፍት መንጋጋ የሚባለው ቲኬት ግን በደርሶ መልስ ሥርዓት ይታሰባል፤ ይኸውም የቫንኩቨሩ ደርሶ መልስ እኩሌታ ከአንኮሬጁ ደርሶ መልስ እኩሌታ ጋር ተደምሮ ነው። በአሜሪካ አገር ውስጥ በሚደረገው በረራና በርካሽ ዋጋ በሚያጓጕዙት ኩባንያዎች ዘንድ ግን የመሄጃ ዋጋ ለብቻው የሚታሰብ ስለሆነ ሁለቱን መንገድ ማስላት ይገባል። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን አይሰንፍበትም።

ብልኅ ነኝ የሚል ሰው ርካሽ ደርሶ መልስ ገዝቶ ከሁለቱ መንገድ አንዱን ሳይሄድበት ለመቅረት ያስብ ይሆናል። የመጀመሪያውን መንገድ ያልሄደ ሰው የቀረው መንገድ ሁሉ ወዲያው ይሰረዝበታል፤ ይህ የአየር መንገዶች የተለመደ ደንብ ነው። ስለዚህ ወደ አንኮሬጅ ደርሶ መልስ ገዝቶ በመመለሻው ብቻ ለመጠቀም የሚያስብ መንገደኛ በአንኮሬጅ የአይሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ስሙን ከመዝገብ አያገኘውም።

ሌላው ችግር የጊዜ አለመገጣጠም ነው። የመርከብ ኩባንያዎች ቦታ መሸጥ የሚጀምሩት ብዙ ጊዜ ከሁለት ዓመት አስቀድመው ሲሆን፣ አብዛኞቹ የአየር መንገዶች ግን ከጉዞው ዐሥራ አንድ ወር ያህል በፊት ካልሆነ ቲኬት አይሸጡም። መርከቡን አስቀድሞ የያዘ ሰው የአይሮፕላኑን ዋጋ ሳያውቅ እጁን አስገብቷል ማለት ነው። የመመለሻው ቀን ከመሄጃው ዘግይቶ ለሽያጭ ስለሚወጣ፣ ሁለቱንም በአንድ ቲኬት ለመያዝ የሚፈልግ ሰው የመመለሻው ቀን እስኪከፈት መታገሥ ይኖርበታል።

ከዚህም በቀር በማስታወቂያ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የከተማ ስም ሁልጊዜ የወደቡ ስም አይደለም። «ሮማ» የተባለው ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮማ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «ፓሪስ» ሲባል ለ ሃቭር፣ «ለንደን» ሲባል ብዙ ጊዜ ሳውዝሃምፕተን፣ «በርሊን» ሲባል በባልቲክ ባሕር ዳር ያለችው ቫርነሙንደ ናት፤ ከዋና ከተማው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። «አንኮሬጅ» ተብሎ የሚሸጠውም እንዲሁ ሴዋርድ ወይም ዊቲየር ነው። ሴዋርድ ከአንኮሬጅ በመኪና መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ዊቲየር 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የሁለቱ ልዩነት አንድ በረራ ለማግኘትና ለማጣት የሚበቃ ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚነሣ መንገደኛ ደግሞ የሰዓቱና የቀኑ ነገር ተለይቶ ሊታሰብ ይገባል። በቲኬቱ ላይ በ12ኛው ቀን 0:30 ተብሎ የተጻፈ በረራ በአገር ቤት አነጋገር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ይህ ሌሊት ገና የ11ኛው ቀን ሌሊት ይባላል፤ በአየር መንገዱ መዝገብ ግን 12ኛው ቀን ገብቷል። በ12ኛው ቀን ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ሰው አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ከቫንኩቨር ተነሥቶ የጃፓኗ ዮኮሃማ ድረስ በመርከብ የሚሻገር ሰው ደግሞ የቀን መለያውን መስመር ሲያልፍ አንድ ሙሉ ቀን ከአቈጣጠሩ ስለሚጠፋበት፣ የመመለሻውን ቀን በጣቱ ሳይሆን በመርከቡ የጉዞ ሰሌዳ ሊቈጥር ይገባዋል።

በቪዛ ረገድ የጉዞው አቅጣጫ ከዋጋው ይልቅ ወሳኝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለካናዳም ለአሜሪካም ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ በመጀመሪያ ሲያትል ገብቶ ዘመድ ጠይቆ ወደ ቫንኩቨር የተሻገረ ሰው መግቢያውን ጨርሶታልና ወደ አላስካ በሚሄደው መርከብ እንዳይሳፈር ሊከለከል ይችላል፤ የአሜሪካ ሹማምንት መንገደኞቹን የሚመረምሩት እዚያው በቫንኩቨር ካናዳ ፕሌስ በሚባለው የመርከብ መሳፈሪያ ስለሆነ ነገሩ በዚያው ቀን ይገለጣል። ስለዚህ በአዲስ አበባና በቶሮንቶ በኩል በቀጥታ ካናዳ ገብቶ፣ በቫንኩቨር ተሳፍሮ፣ ወደ አሜሪካ አንድ ጊዜ ብቻ መግባት፣ ዘመድንም ከአላስካ ሲመለሱ በሲያትል መጠየቅ ይሻላል። የአየር መንገዱ ጸሐፊ ከካናዳ የሚወጣበትን ቲኬት የጠየቀው እንደ ሆነ የመርከቡን ቲኬት ማሳየት ነው፤ ወረቀቱን በሻንጣ ሳይሆን በኪስ መያዝ ይገባል። በበረራ ወራት ከአንኮሬጅ በቀጥታ ወደ ፍራንክፈርት የሚሄድ አይሮፕላን ስለሚኖር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በሚያውቃት በዚያች ከተማ በኩል መመለስም ይቻላል፤ ነገር ግን ኢትዮጵያውያን በጀርመን የአይሮፕላን ማረፊያ ለማለፍ እንኳ የመተላለፊያ ቪዛ ከሚጠየቁት ወገን ስለሆኑ፣ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛቸው ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚያወጣቸው መሆኑን ቲኬቱን ሳይገዙ ማረጋገጥ አለባቸው።

መርከቡ መንገዱን ቢለውጥ ኪሣራው የማን ነው? ይህን ጥያቄ በቀይ ባሕር ዳር የሚነግድ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በ2023 ዓ.ም. ኅዳር ወር የየመን ሁቲዎች በባሕሩ በሚያልፉ መርከቦች ላይ አደጋ መጣል በጀመሩ ጊዜ፣ ከዱባይ ወደ ሜዲትራኒያን ለመሻገር ቀጠሮ የነበራቸው የሽርሽር መርከቦች ጉዞአቸውን ሰረዙ ወይም ለወጡ፤ አንዳንዶቹም መንገደኛ ሳይዙ አፍሪካን ዞሩ። የመርከብ ኩባንያው በውሉ መሠረት ወደቡን ለመለወጥ ሥልጣን አለው፤ ጉዞውን ቢሰርዝም የሚመልሰው የመርከቡን ዋጋ ነው። መንገደኛው በራሱ የገዛው የአይሮፕላን ቲኬት ግን በእርሱና በአየር መንገዱ መካከል ያለ ሌላ ውል ነው። በኩባንያው በኩል የተገዛ የአይሮፕላን ቲኬት ብዙ ጊዜ ውድ ነው፤ መንገዱም ሁልጊዜ የሚመች አይሆንም፤ ዳሩ ግን ወደቡ ሲለወጥ ወይም በረራው ሲዘገይ መንገደኛውን ወደ መርከቡ የማድረስ ሐሳብ በኩባንያው ላይ ይወድቃል። መነሻና መድረሻው በአንድ ከተማ ለሆነ ጉዞ ይህ ትርፍ ወጪ ላያስፈልግ ይችላል፤ ሁለቱ ከተሞች ለተራራቁበት ጉዞ ግን ዋጋውን አስተያይቶ መቊረጥ ነው። በራሱ የሚገዛ ሰው ቢያንስ መንገዱን ሁሉ በአንድ ቲኬት ይያዝ፤ በሁለት ቲኬት ተቀባብሎ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያው አይሮፕላን ቢዘገይ ሁለተኛው ኩባንያ ተጠያቂ አይሆንለትም፤ ኢንሹራንስ ቢገባም የውሉን ዝርዝር አንብቦ ይሁን።

መርከቡ ከመነሣቱ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ በሩ ይዘጋል፤ የመንገደኞቹም ዝርዝር ለመንግሥት ይተላለፋል። ስለዚህ በዚያው ቀን ጧት ቫንኩቨር ለመድረስ ማሰብ ድፍረት ነው። ከአንድ ቀን በፊት ደርሶ ማደር ያስፈልጋል፤ ከአፍሪካ ለሚመጣ ሰውማ ሁለት ቀን ቢሆን መልካም ነው። የአንድ ሌሊት የሆቴል ዋጋ ያመለጠ መርከብ ዋጋ አይደለም። ከማረፊያው እስከ ከተማው መካከል በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው ባቡር በግማሽ ሰዓት ያደርሳል፤ በዚህ በኩል ችግር የለም።

ችግሩ በመጨረሻው ቀን ነው። መርከቡ ጧት በማለዳ ዊቲየር ይደርሳል፤ ከዚያች ትንሽ መንደር ወደ አንኮሬጅ በመኪና ለመውጣት ደግሞ 4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍ አንድ ዋሻ ብቻ አለ። ዋሻው እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ የባቡር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ባቡርና መኪና በአንዲት ጠባብ መንገድ እየተፈራረቁ ያልፉበታል፤ መኪናዎቹም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚለቀቁ የራሱ ተራ ያለፈው ሰው አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቃል። ከመርከብ መውረጃው፣ ከሻንጣ ፍለጋውና ከዚህ ዋሻ በኋላ ከቀትር በፊት ለሚነሣ አይሮፕላን መድረስ አጠራጣሪ ነው፤ ከሴዋርድ ለሚመጣ ሰውማ ከቀትር በኋላ ዘግይቶ የሚነሣውን መያዝ ይሻላል። ከአንኮሬጅ ወደ ደቡብ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች በምሽትና በሌሊት ስለሆኑ ቀኑን በከተማው ውሎ ማታ መሳፈር ይቻላል፤ ባቡሩም ሻንጣ ለያዘ መንገደኛ ከመኪናው ይልቅ የሚመች ነው።