የፑል ዱላ ሲያረጅ እንጠግነው ወይስ እንተካው?

እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር፣ ሥራ ፈት ወጣቶቻችን የሚሰባሰቡት በፑል ጠረጴዛችን ዙሪያ ነው። ዱላው መሳት ሲጀምር «አዲስ ይገዛ» እንላለን። ከመዋጮው ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ግን እንፈትሸው።

ዱላውን ጠረጴዛው ላይ እናንከባለው። እየተነሳ እየወደቀ ከሄደ ጎብጧል፤ የጎበጠ እንጨት በቀላሉ ስለማይቃና ይተካ። ቀጥ ብሎ ከተንከባለለ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጫፉ ቆዳ ነው። ቆዳው ደድሮ ካንጸባረቀ የፑል ጠመኔ አይዝም፤ ኳሱን ያንሸራትታል። ገና ወፍራም ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር ይበቃል። ካለቀ ደግሞ አሮጌውን አንስቶ፣ ጫፉን ደልድሎ፣ አዲስ ቆዳ በማስቲሽ መለጠፍና ማሳደር ነው።

ከጨዋታ በኋላ ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፈን አንተወው፤ ይጎብጣል። የምናተርፈው ገንዘብ ለልጆቻችን ደብተር ይሆናል።